ይድረስ ለክቡር የእንግሊዝ ገጠር የግድግዳ ፖስታ ሳጥን

ጋሼ፣ ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆት ስል ባለፈው ሳምንት በዛ ዝናብ ፊትዎ ቆሜ ኤፎር ፖስታ ላጎርስዎት የታገልኩትን ማለቴ ነው። ጉርሻ በቃኝ የሚል ሰው አውቃለሁ፣ እንደርስዎ ጥርሱን የሚነክስ ግን አላየሁም። በቁሙ ሞከርኩ፣ በአግድም ሞከርኩ፣ ሲጨንቀኝ "አትጠፍ" የተጻፈበትን ፖስታ አጠፍኩትና ግማሹ ገባ፣ ግማሹ ውጪ ቀረ፣ አይገባ አይወጣ፣ ከኋላዬ ውሻ ይዘው የቆሙት እናት ደግሞ "የንግስት ቪክቶሪያ ዘመን ሳጥን እኮ ነው፣ አያምርም?" ይሉኛል።

ያምራል እሺ። ግንባርዎ ላይ ቪአር የሚል የንግስት ቪክቶሪያ ፊደል ተጽፏል፣ ሴትየዋ ግን በ1901 አርፈዋል፣ አሁን ንጉስ ቻርልስ ነው ያለው፣ የነገረዎት የለም እንዴ? አየርላንድ ያሉት ዘመዶችዎም ያው ናቸው፣ በ1922 እንግሊዝ ሲወጣ አረንጓዴ ተቀቡና የንግስቲቱ ፊደል ከቀለሙ ስር እንዳበጠ ቀረ። (ደሞ እርስዎ ራስዎ መጀመሪያ አረንጓዴ ነበሩ፣ ቀዩ የመጣው ከ1874 ጀምሮ ነው፣ ስለዚህ አይሪሾቹ አዲስ ልብስ ገዛን ብለው አሮጌውን ነው ያለበሷችሁ።)

ደግሞ ብዙ አይኮፈሱ ጋሼ፣ ትውልድዎን እናውቃለን። በ1857 የመጡት መንገድ ዳር ቆሞ ለሚተከለው ትልቁ ሳጥን ወጪው ለከበዳቸው መንደሮች በርካሽ ይሁን ተብሎ ነው፣ የመጀመሪያዎቹማ አፋቸው ላይ መከለያ እንኳን ስላልነበራቸው ዝናብ ይገባባቸው ነበር።

ሰዓትዎን ደግሞ ባላነሳው ደስ ይለኝ ነበር። እዚህ ገጠር የመጣሁ ሰሞን ታርጋዎ ላይ 9:00 የሚል አየሁና በኛ ቆጥሬ ምሳዬን በልቼ ከች አልኩ፣ ለካ ፖስተኛው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጠራርጎ ሄዷል!! ፎርሜ እርስዎ ሆድ ውስጥ አደረ፣ ያደረውም ብቻውን አይደለም፣ ቀንድ አውጣዎቹ ወረቀት እንደሚወዱ ያወቅኩት ፎርሙ "ያልተሟላ" ተብሎ ሲመለስልኝ ነው፣ የፈረምኩበት ጥግ በሙሉ ተበልቷል።

በሉ እንግዲህ ብዙ አላስቸግርዎትም። ውስጥዎ ላሉት ቤተሰቦች አንድ በአንድ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፣ ከቻሉም ሲርባቸው ከቴምብሩ ይጀምሩ፣ ፊርማዬን ግን ይተውልኝ ይበሏቸው።