ጀበናን በአዳራሽ ማዳን

ሊጠፉ የተቃረቡ የእጅ ሙያዎችን በዘመናዊ ዲዛይን እንታደጋለን የሚሉ ፕሮጀክቶችን የሚያማ ሰው ወሎ ውስጥ መኖሩ ያሳዝነኛል። ሐሜተኛው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆቴል ውስጥ ለሦስት ቀን ተቀምጦ፣ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ ተቀብሎ፣ በመጨረሻው ቀን የአበል ሰነድ ላይ ፈርሞ የማያውቅ መሆን አለበት። እኔ ፈርሜያለሁ፤ ስለዚህ አመስጋኝ ነኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመሰገነው የቀን አመራረጡ ነው። አውደ ጥናቱ የሚከፈተው ሰኞ ነው። ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን ስለሆነ፣ ሸክላ ሠሪዋ ጀበናዋንና ምጣዷን ይዛ በፀሐይ ከመንገላታት ትድናለች፤ በምትኩ ምንጣፍ በተነጠፈበት አዳራሽ ተቀምጣ ስለ «ገበያ ትስስር» ትማራለች። ፊት ለፊቷ የጀበና ፎቶግራፍ ያለበት ባነር ተሰቅሏል፤ የሻይ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ቡናው ከፔርሙስ ይቀዳል። ጀበና እንዳይሰበር ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ሊደረግለት አይችልም። ቡና ያለ ጭስና ያለ ምርቃት አይጠጣም የሚሉ አዛውንቶች አይጠፉም፤ መርሐ ግብሩ ግን ለምርቃት የመደበው ደቂቃ የለም።

የክብር እንግዶቹ የሚመጡት በሀገር ልብስ ነው። ጥለቱ በማሽን የታተመ፣ ጨርቁም ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑ ለሸማኔው ከማዘን የመነጨ ነው፤ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድዶ፣ ድሩን እየቆጠረ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያመላልስ እንዳይደክም ብለው ነው።

ዲዛይነሩ መናገር ሲጀምር አዳራሹ ጸጥ ይላል። ለካ የጀበናው ችግር ቡና ማፍላቱ ኖሯል! ቂጡን በስተው አምፖል ሲያስገቡለት ከመጥፋት ይድናል። ባለሙያዋ አለላውን ነክራ፣ በወስፌ እየወጋች ዙር በዙር የሰፋችው መሶብም እንጀራ መያዙን ትቶ ተገልብጦ ከጣሪያ ሲንጠለጠል ዘመናዊ ይሆናል። አራት ድርብ ሆኖ የደላንታን ብርድ የሚመክተው ጋቢ ተቆራርጦ የሶፋ ትራስ ይለብሳል። ከዕቃው ላይ በሚንጠለጠለው ወረቀት የዲዛይነሩ ስም በጉልህ ይጻፋል፤ የሠሪዎቹ ደግሞ ቦታ እንዳይጣበብ «የአካባቢው እናቶች» ተብሎ ይጠቃለላል።

በጀቱም የተጠና ነው። ሸማኔው ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል መሆኑን፣ ሁለቱንም ሳይሸጥ በፊት መግዛት እንዳለበት አስረድቶ የክር መግዣ ቢጠይቅ፣ ክር ዘላቂነት የሌለው ወጪ መሆኑ በትሕትና ይነገረዋል። ዘላቂነት ያለው ሪፖርት ነው። እኔን እስካሁን የሚያስገርመኝ ግን እንስራን ከምንጭ መንገድ ያስወጣው ጀሪካን ነው፤ ያለ ባነር፣ ያለ አማካሪ፣ ያለ አንድ ቀን ሥልጠና ገብቶ ወሎን አዳረሰ። ቀላል ነበር፣ አይሰበርም ነበር፣ ሰውም ገዛው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ቆዳ ፋቂውን በሙያው መስደብ ከልክለው ነበር። የእኛ ዘመን ከዚያ እጅግ ርቆ ሄዷል፤ ስድቡን ትቶ ውዳሴውን ይዟል። ድሮ የሚሰድበው ሰው ቢያንስ ማሰሮውን ይገዛ ነበር።

በመዝጊያው ዕለት አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት፣ በላስቲክ የታሸገ የምስክር ወረቀታቸውን ከተቀበሉ በኋላ እጃቸውን አወጡ። አፈር ቆፍረው፣ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ወቅጠውና አቡክተው፣ ያለ አንዳች መሽከርከሪያ በእጃቸው ቅርጽ አውጥተው በእንጨትና በኩበት እሳት የሚተኩሱ ሴት ናቸው። ማይክሮፎኑን ትንሽ ከአፋቸው አራቅ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ ምሳ የበላንበትን ሰሃን ከየት ነው የገዛችሁት?» ሲሉ ጠየቁ።

አወያዩ ጥያቄው እጅግ ገንቢ መሆኑን ገልጸው፣ በሁለተኛው ዙር አውደ ጥናት በስፋት እንደሚታይ አቅጣጫ አስቀመጡ።