ለሌላው ሰው መከራ ምክንያት ስለ መስጠት

እ.ኤ.አ. በ2000 የእስራኤል የቀድሞ ዋና ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በናዚዎች ስለተጨፈጨፉት ስድስት ሚሊዮን አይሁድ በስብከታቸው ላይ አንድ ነገር ተናገሩ። የሞቱት ሰዎች ቀድሞ የኖሩ ኃጢአተኞች ነፍሳት ናቸው፤ በደላቸውን ሊያስተሰርዩ ዳግም ተወልደው መጡ አሉ። ከእልቂቱ የተረፉ አዛውንቶች ገና በሕይወት ባሉበት አገር ይህ ሲሰማ ቁጣው ወዲያው ተቀጣጠለ። ራቢው በኋላ የሞቱት ሁሉ ቅዱሳንና ንጹሓን ናቸው ብለው ቢያብራሩም የመጀመሪያው ንግግር ከብዙዎች ልብ አልወጣም።

ኦቫድያ ዮሴፍ ለቤተ እስራኤል ባለውለታ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የተወለዱ አይሁድ ናቸው ብለው የወሰኑት እርሳቸው ናቸው። በጎንደርና በትግራይ መንደሮች ይኖር ለነበረው ሕዝብ የእስራኤልን በር ከከፈቱት ነገሮች አንዱ ይህ ውሳኔ ነው። ስለዚህ ስማቸውን የማነሳው በአክብሮት ነው። ነገር ግን በዚያ ስብከት የተሳሳቱ ይመስለኛል፤ የተሳሳቱትም ራሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ባጠኑት በታልሙድ፣ ማለትም በጥንት የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትምህርት መጽሐፍ ሚዛን ነው።

ታልሙድ ሰውን በቃል ስለ መጉዳት በሚናገርበት ክፍል ግልጽ ክልከላ አለ። መከራ የደረሰበትን፣ የታመመውን ወይም ልጆቹን የቀበረውን ሰው የኢዮብ ወዳጆች ኢዮብን እንዳናገሩት ማናገር አይፈቀድም። ወዳጆቹ ያሉት ምን ነበር? ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን ነው? አንተ አንድ ነገር አድርገሃል ማለት ነው። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ከሩቅ አገር መጥተው፣ ልብሳቸውን ቀድደው፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከወዳጃቸው ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። እስከዚያ ድረስ ያደረጉት ሁሉ ትክክል ስለ ነበር፣ እስከ ዛሬ በአይሁድ ለቅሶ ቤት አጽናኝ አዘንተኛው ሳይናገር እንዳይናገር የሚያዘው ሥርዓት ከእነርሱ ተወስዷል። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ከፍተው ለእግዚአብሔር ጠበቃ ሲሆኑ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በሚጮኸውና በሚሟገተው ኢዮብ ላይ ሳይሆን ለእርሱ ጠበቃ በቆሙት ወዳጆች ላይ ነው፤ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ኦሪት ራሷ ኃጢአትንና መከራን ታያይዛለች፤ በዘዳግም ምዕራፍ 28 የተዘረዘረው በረከትና መርገም ይህን ነው የሚለው። በበዓላት ቀን የሚደርሰው የአይሁድ ጸሎትም ስለ ኃጢአታችን ከምድራችን ተሰደድን ይላል። የቤተ እስራኤል የጾምና የጸሎት በዓል በሆነው በስግድ ዕለትም ቄሶች ሕዝቡን ይዘው ከፍ ወዳለ ቦታ ሲወጡ ከሚነበቡት መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ ነህምያ ነው፤ በዚያ መጽሐፍ ምዕራፍ 9 ላይ ሕዝቡ በደረሰብን ሁሉ አንተ ጻድቅ ነህ፣ እኛ ግን በድለናል ብሎ ይናዘዛል። ታዲያ ራቢው ከዚህ የተለየ ምን አሉ?

ልዩነቱ ያለው በተናጋሪው ላይ ነው። በድለናል የሚለው ተሰዳጁ ራሱ ነው፤ ጾሞ፣ ቆሞ፣ ስለ ራሱ ይናገራል። ታልሙድም መከራ የመጣበት ሰው ሥራውን ይመርምር ሲል የሚያዘው ያንኑ ሰው ነው። ይህን ኑዛዜ ሌላው ሰው ቀምቶ በሞተው ላይ ሲያነበው ነገሩ የክስ ወረቀት ይሆናል፤ ሟቹም መልስ መስጠት አይችልም። ራቢ ያናይ የክፉዎች ምቾትም የጻድቃን መከራም በእጃችን አይደለም ብሎ ያስተማረው የታልሙድ መሠረት በሆነው ጥንታዊ የሕግ ስብስብ፣ በሚሽና ዘመን ነው። ከእርሱ የበለጠ ያወቀ ማን ነው?

እግዚአብሔር እንዴት ያለ አምላክ ነው በሚለው ጥያቄ ላይ የአይሁድ ሊቃውንት እርስ በርሳቸው በጣም ይራራቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1204 ያረፈው ፈላስፋና የሕግ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ አምላክ ሥጋ የለውም፣ ስሜት አይፈራረቅበትም፣ ስለ እርሱ በትክክል ልንናገር የምንችለው ያልሆነውን ብቻ ነው አለ። አብዛኛው መከራም ሰው በሰው ላይ፣ ይልቁንም ሰው በራሱ ላይ የሚያመጣው ነው ብሎ አስተማረ። ይህ ሁሉ ከሩቅ ሲያዩት ቀዝቃዛ ይመስላል። ነገር ግን ነጋዴው ወንድሙ ዳዊት በሕንድ ውቅያኖስ ሰጥሞ በሞተ ጊዜ ማይሞኒደስ አንድ ዓመት ያህል ታሞ ከአልጋ አልተነሣም፤ ከስምንት ዓመት በኋላ በጻፈው ደብዳቤም መጽናናት እንዳልቻለ ይናገራል። ለወንድሙ ሞት ፍልስፍናዊ ምክንያት አልደረደረም፤ አለቀሰ።

በሌላው ጫፍ የቆመው ሊቅ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ ይቀርበኛል። ካሎኒሙስ ካልማን ሻፒራ በዋርሶ አጠገብ የፒያሴችኖ የሐሲዲም፣ ማለትም በምሥራቅ አውሮፓ የተነሣ የአይሁድ መንፈሳዊ እንቅስቃሴ ተከታዮች መሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1939 ጀርመኖች ከተማዋን ሲደበድቡ አንድ ልጁንና ምራቱን አጣ። ከዚያ በኋላ በተከለለው የአይሁድ ሰፈር ውስጥ እስከ 1942 በየሰንበቱ ማስተማሩን ቀጠለ። መነሻው ነቢዩ ኢሳይያስ በጭንቃቸው ሁሉ እርሱ ተጨነቀ ያለው ነው። ሻፒራ እንዲህ ብሎ ያስተምር ነበር፦ እግዚአብሔር በስውር ጓዳው ያለቅሳል፤ ልቅሶው ከመጠን በላይ ስለሆነ ወደ ዓለም ቢወጣ ዓለም ይፈርሳል፤ ስለዚህ ሰው ወደዚያ ጓዳ ገብቶ ከአምላኩ ጋር አብሮ ማልቀስ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ስብከቶቹ የደረሰብን አባቶቻችን ካዩት መከራ ዓይነት ነው ይል ነበር። በ1942 መገባደጃ ግን በጽሑፉ ኅዳግ ላይ ያንን አባባሉን አረመው፤ ዓለም ከተፈጠረ ወዲህ እንዲህ ያለ አልታየም ብሎ ጻፈ። ወረቀቶቹን አስቀበረ፤ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1943 ተገደለ፤ ወረቀቶቹ ከጦርነቱ በኋላ ከመሬት ወጡ። በእሳቱ መሃል የነበረው ይህ ሰው የሟቾቹን ኃጢአት ለመቁጠር አልተቀመጠም።

የማይሞኒደስ አምላክና የሻፒራ አምላክ በአንድ እምነት ውስጥ እንዴት አብረው ይኖራሉ? ይህን ማስታረቅ የእኔ ሥራ አይደለም። ሁለቱም ግን በአልጋ ላይ ለወደቀ ሰው ትምህርት አይሰጡም። ታልሙድ ስለ ራቢ ዮሐናን የሚነግረን ታሪክም እንዲሁ ነው። ራቢ ዮሐናን የታመመውን ራቢ ሒያን ሊጠይቅ ሄዶ መከራህን ትወደዋለህን አለው። እርሱንም ሽልማቱንም አልወድም ሲል መለሰ ታማሚው። እንግዲያስ እጅህን ስጠኝ አለና አነሣው። መከራ ዋጋ አለው፣ ታገሥ የሚል ቃል አልጨመረበትም። ራቢ ዮሐናን ዐሥር ልጆቹን የቀበረ ሰው ነበር።

ይህ ነገር ለቤተ እስራኤል ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ በመንገድና በስደተኛ ካምፖች አራት ሺህ ያህል ሰዎች አልቀዋል፤ ስማቸው በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ በቆመው መታሰቢያ ይዘከራል። ሕፃናትና ሽማግሌዎች የሞቱት በረኀብ፣ በውኃ ጥም፣ በበሽታና በወንበዴ እጅ ነው። እነዚህ ምክንያቶች እያንዳንዳቸው ተጠያቂ አላቸው፦ መውጫ የከለከለ መንግሥት፣ ስንቅ የዘረፈ ሽፍታ፣ የዘገየ እርዳታ። ስለ ኃጢአታቸው ነው ብሎ የሚጀምር ሰው ሟቾቹን ከመበደሉም በላይ እነዚህን ተጠያቂዎች ከጥያቄ ነጻ ያወጣል። ከካምፑ የተረፉት እናቶች በስግድ ቀን እጃቸውን ዘርግተው በድለናል ሊሉ ይችላሉ፤ ኑዛዜው የእነርሱ ነው። ያንን ቃል ከአፋቸው ወስዶ ለልጆቻቸው ሞት ማብራሪያ እንዲያደርገው ለማንም ሰባኪ፣ ለዋና ራቢም ቢሆን፣ ሥልጣን አልተሰጠውም።