ኦንላይን ክፍል ውስጥ ተማሪው እንዲናገር ከፈለግን

ማስተርሱን በኦንላይን የተማረ ሰው ይህን ክፍል ያውቀዋል። መምህሩ ዙም ይከፍታል፣ ስላይዱን ያሳያል፣ አንድ ሰዓት ያህል ያስረዳል፣ ከዚያ «ግልጽ ነው? ጥያቄ ያለው?» ይላል። ጸጥ። ሁሉም ማይኩን ዘግቷል፣ ካሜራ የከፈተ የለም። ቆይቶ ቻቱ ላይ አንድ «የስ ሰር» ብቅ ይላል፣ ከኋላው ሌላ አምስት ስድስት «የስ» ይከተላል፣ ክፍሉም ያልቃል። ሪፖርቱ ላይ ትምህርቱ ተሰጥቷል።

«የዛሬ ተማሪ ሰነፍ ነው» የሚል መምህር በየቦታው አይጠፋም። እኔ አልስማማም። እነዚሁ ዝም ያሉ ተማሪዎች ሌላ ግሩፕ አላቸው፤ መምህሩ የሌለበት። ብዙ ባች ሁለት የቴሌግራም ግሩፕ አለው፣ አንዱ መምህሩ ማስታወቂያ የሚለጥፍበት፣ ሌላው ተማሪዎቹ ብቻቸውን የሚሆኑበት። ሁለተኛው ውስጥ ማታ አምስት ሰዓት ላይ ብትገቡ አሳይመንቱ ላይ ሲከራከሩ፣ አንዷ በቮይስ ለሌላው ስታስረዳ፣ ሌላው ደብተሩን ፎቶ አንስቶ ሲልክ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ፍላጎቱም ችሎታውም አለ። የመወያያ ቦታውን የምንመርጠው ግን ለመምህሩና ለተቋሙ እንዲመች አድርገን ነው፣ ለተማሪው አይደለም።

የእኔ አቋም ይህ ነው። የውይይት መሣሪያ ስንመርጥ መጀመሪያ ማሰብ ያለብን ክፍሉ ውስጥ ደካማውን ስልክና ትንሿን ፓኬጅ የያዘውን ተማሪ ነው። እሱ መናገር በሚችልበት ቦታ ሌላውም ይናገራል።

ነገሩን ከብር እንጀምር። የአንድ ሰዓት የቪዲዮ ክፍል ብዙ መቶ ሜጋባይት ይበላል፣ ጥራቱ ከፍ ካለ አንድ ጊጋባይትም ያልፋል። ያው ክፍል በድምፅ ብቻ ቢሆን ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት አካባቢ ይበቃዋል። በቴሌግራም የተላከ የአንድ ደቂቃ ቮይስ ደግሞ አንድ ሜጋባይት አይሞላም። በሳምንት ሦስት ኮርስ የሚወስድ፣ ከራሱ ኪስ ካርድ የሚሞላ ተማሪ ይህን ሒሳብ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ካሜራውን የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ከንቀት አይደለም፣ ፓኬጁ እንዳያልቅበት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከጀርባው ያለውን ቤት ማሳየት አይፈልግም፤ መብቱም ነው። «ካሜራ ያልከፈተ እንደቀረ ይቆጠራል» የሚለው ሕግ እኔን ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ሜሪ ባድ ሮ የተባሉ አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተሙት ጥናት መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ እንደሆነ አሳይተዋል። መምህሩ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገስ ግን የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉትም መናገር ይጀምራሉ። ይህ ፊት ለፊት በሚሰጥ ክፍል ውስጥ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ዙም ላይ፣ ተማሪው ሐሳቡን መጀመሪያ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ አስቦ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ሰካክቶ፣ አርባ ሰው እየሰማው ማይኩን እንዲከፍት ነው የምንጠይቀው። ሦስት ሰከንድ አይደለም፣ ሠላሳም አይበቃው። የጽሑፍና የቮይስ ውይይት ግን አንድ ሙሉ ቀን ይሰጠዋል። ያስባል፣ ያነባል፣ ቀድቶ ይሰማዋል፣ ካልወደደው አጥፍቶ እንደገና ይቀዳል። በነገራችን ላይ ውይይቱን በሚቀናው ቋንቋ እንዲያደርገው ብንፈቅድለት ምን እናጣለን? ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሐሳቡን የሚያብላላበት ቋንቋ ግን የራሱ ቢሆን ይሻላል።

ለዚህ ሁሉ ነው ለእኛ አገር ክፍል ቴሌግራምን የማስቀድመው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች ወርክሺት የላኩት በዚያው ነው፣ ዛሬም የመውጫ ፈተና ተፈታኞች ጥያቄ የሚለዋወጡት እዚያው ነው። ተማሪው አዲስ አፕ አይጭንም፣ ሌላ ፓስወርድ አይሸመድድም። ኔትወርኩ ሲደክምም ጽሑፍ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ግን ዝም ብሎ ግሩፕ ከፍቶ መተው ውይይት አይፈጥርም። ሁሉም ነገር በአንድ መስመር ሲፈስ የጠዋቱ ጥያቄ በምሳ ሰዓት «እንኳን አደረሳችሁ» በሚል ፖስተርና በስቲከር ተቀብሮ ይገኛል። ለዚህ መፍትሔው ቴሌግራም ውስጥ ራሱ አለ፤ ግሩፑን በርዕስ በርዕስ የሚከፋፍለውን ቶፒክስ የሚለውን ማብራት ነው። ለማስታወቂያ አንድ፣ ለየሳምንቱ ጥያቄ አንድ፣ ለጨዋታ አንድ። ጨዋታውን አትከልክሉ፣ ቦታ ስጡት። መረዳታቸውን ማወቅ ስትፈልጉ ደግሞ «ገባችሁ?» ከማለት ስም የማያሳይ ፖል (የድምፅ መስጫ) ልቀቁ። «የስ ሰር» ያለው ሁሉ ያኔ «አልገባኝም» የሚለውን ሲጫን ታያላችሁ።

ስለ ቴሌግራም ሌላ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። ሴት ተማሪዎች ግሩፕ ላይ የማይጽፉበት አንዱ ምክንያት ኢንቦክስ ነው። አንድ አስተያየት ጽፋ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከማታውቀው ሰው «ሃይ፣ እንተዋወቅ» ሲመጣላት በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ትላለች። ይህን እንደ ቀልድ የሚያልፍ መምህር ግማሹን ክፍል ያጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ስልክ ቁጥር ለማንም እንዳይታይ የሚደረግበትን ሴቲንግ ለሁሉም አሳዩ፣ ከግሩፑ ስም አይቶ በግል የሚያስቸግር ሰው እንደሚወጣ ተናገሩ፣ ሲደርስም አስወጡ።

ቴሌግራም ላይ ብቻ መንጠልጠልም አደጋ አለው። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወር ገደማ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ያኔ ኮርሱን በሙሉ እዚያ ያስቀመጠ መምህር ምን እንደገጠመው መገመት አይከብድም። ስለዚህ የተማሪዎቹ ኢሜይል ይኑራችሁ፣ ዋናው ጽሑፍና ውጤት ዩኒቨርሲቲው ራሱ ባለው ሥርዓት ላይ ይቀመጥ።

ያ ሥርዓት ብዙ ቦታ ሙድል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ፣ በነፃ የሚሰራጭ የኦንላይን ኮርስ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው፤ እኛ ጋ ግን የፒዲኤፍ መጋዘን ሆኖ ቀርቷል። የሚያስቆጨኝ ውስጡ ያለው የውይይት ፎረም ነው። አንደኛው የፎረም ዓይነት ተማሪው የራሱን መልስ ሳይለጥፍ የሌሎቹን እንዳያይ ያደርጋል። ከለጠፈም በኋላ የማረሚያው ጊዜ፣ ካልተቀየረ 30 ደቂቃ፣ እስኪያልፍ ይጠብቃል። «ከእገሌ ጋር እስማማለሁ» የሚለው መልስ በዚህች አንዲት ማስተካከያ ይጠፋል። የስልክ አፑም ኔትወርክ በሌለበት የተጻፈውን ይዞ ኋላ ይልከዋል። ከየትም የሚገዛ ነገር የለም፣ ያለውን መክፈት ብቻ ነው።

ከውጭ ስልጠና ይዘናቸው ስለምንመጣቸው የሚያማምሩ መሣሪያዎች ብዙ አልልም። ጎግል ጃምቦርድ የተባለውን የኦንላይን ሰሌዳ በ2024 መጨረሻ ላይ ዘጋው። ተማሪዎች በአጭር ቪዲዮ የሚወያዩበትን ፍሊፕግሪድን ማይክሮሶፍት በ2018 ገዛው፣ ስሙን ፍሊፕ አለው፣ በ2024 ደግሞ ለብቻው መስጠቱን አቆመ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ኮርሱን በእነሱ ላይ የገነባ ሰው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የዙም ነፃ አካውንትም ከ40 ደቂቃ በኋላ ይቋረጣል። ይህን ካወቃችሁ ግን ጥሩ ነው፤ 40 ደቂቃዋን በሁለት ሳምንት አንዴ ለክርክር ብቻ ተጠቀሙባት፣ ሌክቸሩን አስቀድማችሁ በድምፅ ቀድታችሁ ላኩ።

ከመሣሪያው በላይ የሚወስነው ደግሞ ጥያቄው ነው። «የዋጋ ግሽበት ምንድን ነው? አብራሩ» ብላችሁ ብትለጥፉ ከቻትጂፒቲ የተቀዳ ተመሳሳይ መልስ ይደርሳችኋል። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ «ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ሰፈራችሁ ያለው ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የጨመረው ምንድን ነው? ባለሱቁን ጠይቁና ምክንያቱን በሁለት ደቂቃ ቮይስ ንገሩን።» አንዱ ዘይት ይላል፣ ሌላዋ ዳይፐር ትላለች፣ ከደሴ ያለው ባለሱቁ የሰጠውን ምክንያት ይዞ ይመጣል፣ ከሐዋሳ ያለችው «እኛ ጋ እንደዚያ አይደለም» ትላለች። ክርክሩ ይጀመራል። የሰፈሩን ባለሱቅ ቻትጂፒቲ አያውቀውም።

ክፍሉ ስልሳ ተማሪ ካለው ሁሉንም በአንድ ላይ አታወያዩ። ስድስት ስድስት ወይም ሰባት ሰባት ሰው አድርጋችሁ በቡድን ከፋፍሏቸው፣ በየሳምንቱ አንድ ተማሪ የቡድኑን ሐሳብ አጠቃሎ ዋናው ግሩፕ ላይ ያቅርብ፣ ተራው ይዙር። እናንተ ቶሎ መልስ አትስጡ። መምህር «ትክክለኛው ይህ ነው» ካለ በኋላ የሚናገር የለም፤ ያደግንበት ባህልም ነው፣ የታላቅ ቃል ከተሰማ ያበቃል። ሁለት ቀን ታገሱ፣ ከዚያ የተማሪዎቹን ሐሳብ በስማቸው እየጠራችሁ ግቡ። ስሙ የተጠራ ተማሪ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል። ነጥብም ይኑረው። ከመቶ አሥሩ ለውይይት ቢሆን፣ ያውም ለብዛቱ ሳይሆን ለሌላው ሐሳብ ለሰጠው ምላሽ፣ ተማሪው ቁም ነገር መሆኑን ያውቃል።

ይህ ሁሉ የመምህሩን ጊዜ ይበላል። ስልሳ ቮይስ በሁለት ሁለት ደቂቃ ሁለት ሰዓት ማዳመጥ ነው፣ መልሱን ሳንጨምር። ዩኒቨርሲቲዎች የኦንላይን ትምህርት እንሰጣለን እያሉ ፖስተር ሲለጥፉ ክፍያውን የሚያሰሉት ግን በዙም ሰዓት ከሆነ መምህሩ ዙም ከፍቶ አንብቦ ይወጣል፣ አልፈርድበትም። ለፕሮግራሙ ከሚሰበሰበው ክፍያ ለተማሪው የዳታ ፓኬጅ ይግዙለት፣ እነዚያን ሁለት ሰዓቶች ደግሞ የመምህሩ የማስተማሪያ ሰዓት ላይ ይደምሯቸው።