ከምሽቱ 5 ሰዓት የሚላክ ማስታወቂያ

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ በሚገኘው የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከሁለት ተማሪዎች አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አንደኛዋ ስልኳን ለጓደኛዋ አቀበለቻትና «እስከ ስድስት ሰዓት ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ» አለቻት። ጓደኛዋ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አንድ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ ባለስልኳ እጇን ዘረጋች። «ግሩፑን ብቻ ልየው፤ የፈተናው ክፍል ተቀይሮ ቢሆንስ?»

ይህን ፍርሃት አውቀዋለሁ። የእህቴ ልጅ እዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ባለፈው ሴሚስተር ከምሽቱ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ በቴሌግራም «ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ፈተና አለ» የሚል መልእክት ተላከ። እሷ ተኝታ ነበር። ፈተናው አመለጣት፤ ብትለምንም የሰማት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው፤ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ እየነቃች ታየዋለች። ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ስትመጣ አንጀቴን ትበላኛለች። «የዛሬ ልጅ ስልክ ላይ ተጥዶ ይውላል» የሚል ሰው ስሰማ የምናደደው ለዚህ ነው። ማን ጣደው?

ለእያንዳንዱ ኮርስ አንድ ግሩፕ አለ። ከእሱ የቡድን ሥራ ግሩፕ ይወለዳል፤ የትምህርት ክፍሉ፣ የዶርሙና የግቢ ጉባኤው ይጨመርበታል። የፈተና ቀኑም፣ ሃንድአውቱም፣ ቀልዱም በአንድ መስመር ስለሚመጣ አንዱን ፍለጋ ሁሉንም ማንበብ ግድ ነው።

ተማሪዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ስድስት ኪሎ አካባቢ ሃንድአውቱን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትመው፣ ዳታ አጥፍተው ከወረቀት የሚያነቡ አሉ። የእህቴ ልጅና ሦስት ጓደኞቿ ደግሞ ተራ ገብተዋል፤ በየሳምንቱ አንዷ ግሩፖቹን ትከታተላለች፣ አስቸኳይ ነገር ካለ ለሌሎቹ ትደውላለች። ዕቁብ በሉት፤ የሚደርሳቸው ግን እንቅልፍ ነው። በጣም ወድጄዋለሁ። ሆኖም አራት ልጆች ለመተኛት ዕቁብ መግባት አልነበረባቸውም።

ፈረንሳይ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች፣ ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ ከስልክና ከኢሜይል የሚላቀቅበትን መብት እንዲደራደሩበት በሕግ አዛለች። ደመወዝ ለሚከፈለው ሠራተኛ የታሰበው ለተማሪም ይታሰብለት። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በሴኔት ሕጋቸው አንድ አንቀጽ ይጨምሩ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የተላከ ማስታወቂያ በማግስቱ ማንንም አያስገድድ፣ የፈተና ለውጥም ቢያንስ ከ2 ቀን በፊት በሰሌዳ ይለጠፍ።

ሰሌዳው አሁንም አለ። የእህቴን ልጅ ትምህርት ክፍል ሰሌዳ አይቼዋለሁ፤ ከመስታወቱ ጀርባ ዓምና የተለጠፈ ወረቀት ቢጫ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ቁልፉ ያለበት ይፈለግና የሚቀጥለው ሴሚስተር የፈተና ፕሮግራም እዚያ ይለጠፍ።