ለትል መሬት አላባክንም አትበሉ

የመተማና የቋራ ገበሬዎች፣ ጎንደር ከተማ ተቀምጣችሁ ቆላ የምታሳርሱ ባለሀብቶችም፣ ቁጣዬ ለእናንተ ነው። ትል እንዲገድል ዘረመሉ የተለወጠውን ቢቲ ጥጥ ስትዘሩ አጠገቡ ተራ ጥጥ ዝሩ ሲባል «ለትል ብዬ መሬት አላባክንም» ትላላችሁ። ተዉ ወገኖቼ!

ሽምብራ የሚዘራ የደምቢያ ሰው ጓይ ትልን ያውቀዋል። እሸቱን ፈልቀቅ ሲያደርግ፣ ፍሬውን ጨርሶ ጥቅልል ብሎ ያገኘዋል። የጥጡን ፍሬ የሚበሳውም እሱ ነው። ቢቲ ጥጥ ከአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል ስላለው የበላው ትል ይሞታል። ግን አልፎ አልፎ የማይሞት አለ። ማሳው ሁሉ ቢቲ ከሆነ ያ የተረፈው የሚዳራው እንደሱ ከተረፈ ጋር ነው፤ ልጆቻቸውን ቢቲው አይገድላቸውም። አጠገቡ ተራ ጥጥ ካለ ግን ትሉ አድጎ የእሳት እራት ይሆናልና፣ ቢቲውን ያልለመዱ የእሳት እራቶች በብዛት ይወጡና ከሱ ጋር ይዳቀላሉ። የሚወለደው ቢቲውን ሲበላ አብዛኛው ይሞታል። መጠለያ ማሳ የሚባለው ይኸው ነው።

ህንድን እዩ። በ2010 ዓ.ም. እኛ ዘንድ የተፈቀዱት ሁለት የቢቲ ድቅሎች የመጡት ከዚያ ነው። እዚያ ከ450 ግራም ቢቲ ዘር ጋር 120 ግራም ተራ ዘር በትንሽ ከረጢት ይሰጥ ነበር። ብዙው ገበሬ ከረጢቷን ጣላት። እ.ኤ.አ. በ2010 ጉጃራት ውስጥ ሮዝ ትል የሚባለው ሌላ የጥጥ ትል የመጀመሪያውን የቢቲ ጥጥ ዓይነት እንደለመደ ታወቀ። ከዚያ ወዲያ ለዘሩም እየከፈሉ፣ ለፀረ ትል ርጭቱም እየከፈሉ ነው። የአሪዞና ገበሬዎች ግን መጠለያውን ስለዘሩ ቢቲያቸው ዓመታት አገለገላቸው።

«ማሽላውና ሽምብራው መጠለያ ይሆናል» የምትሉም አላችሁ። ለጓይ ትል እውነት አለው። ሮዙ ትል ግን ከጥጥ ሌላ ብዙም አይቀምስም። ደግሞ የደምቢያ ሽምብራ ለመተማ ጥጥ ምኑ ነው? የእሳት እራቱ እንዲገናኝ መጠለያው እዚያው አጠገብ መሆን አለበት።

አምስት ቃዳ መሬት ያለው አንዷን ቃዳ ለተራው ጥጥ ይስጥ። ሁለቱንም በአንድ ሰሞን ዝሩ፤ ዘግይቶ የተዘራ መጠለያ የእሳት እራቱም ዘግይቶ ይወጣል። መጠለያውን በርጭት ብዛት ትል አልባ አታድርጉት። ዘሩን ደግሞ በአንድ ጆንያ አትቀላቅሉ፤ ትሉ ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ከቢቲው ጥቂት ብቻ ቀምሶ በከፊል የሚቋቋመው ይተርፍና ይራባል። የተራው ዘር ጆንያ ለብቻው ይቀመጥ፣ ምልክትም ይደረግበት።