ከበር ጀርባ ያለችው ጣሳ

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የንባብ ምሽት አጭር ልብወለድ ተነበበ። ስለ አንዲት የሸክላ ሠሪ ልጅና ማዕድ ስለማይጋሯት ጎረቤቶቿ ነው። ሲያበቃ አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። አንድ የአማርኛ መምህርና አንዲት የአጭር ልብወለድ ጸሐፊ ክርክሩን በጽሑፍ ቀጠሉት።

መምህሩ፦ እህቴ፣ በደሉ የለም አላልኩም። ፍርሃቴ ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ አንብቤያለሁ። ስድቡ ጋ ስደርስ ልጆቹ ዞረው አንዲት ተማሪ አዩ። እሷ አንገቷን ደፍታ የእስክሪብቶዋን ክዳን ትነቅላለች፣ ትገጥማለች። እስከዚያ ቀን የማን ልጅ እንደሆነች እኔ እንኳ አላውቅም ነበር። በማግሥቱ ያንኑ ስድብ ግቢ ውስጥ ሰማሁት። ታዲያ ስም መጥራት ለምን አስፈለገ? የጎሳውን ስም ቀይሪው፤ አገሩንም ቀይሪው።

ጸሐፊዋ፦ መምህር፣ ልጅቷ አንጀቴን በላችው። ግን ልጆቹ ወደ ማን እንደሚዞሩ ከየት አወቁ? ከቤታቸው ይዘውት መጥተው ነው እንጂ ታሪኩ አልነገራቸውም።

«በአንድ ሩቅ አገር» ብዬ ብጽፍ አንባቢው እፎይ ይላል። እዚሁ ሲዳማ ሸክላ ሠሪው ሐዲቾ፣ ቆዳ ሠሪው አዋቾ እየተባለ ከጋብቻ ሲገለል ኖሯል። ጋሞ ብንሄድ ሸክላ ሠሪው ማና፣ ቆዳ ሠሪው ደጋላ ይባላል። ሰሜኑም ቀጥቃጩን ቡዳ ብሎታል። ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ነው፤ «ባሪያ» የሚለው ስድብ ግን ዛሬም ይሰማል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። ጓዳ ውስጥ ያለውን ነገር ግን ሕግ አያየውም።

ጀበናውን ያስቡት። ጭቃውን ያቦካችው፣ አንገቱን ያወጣችው፣ በእሳት የተኮሰችው ሸክላ ሠሪዋ ናት። ቡናው ሲፈላ ግን ደጅ ትቆማለች። ይህን ዝም ብዬ ልለፈው?

መምህሩ፦ አትለፊው። ግን ተበዳዩ ሁልጊዜ አልቃሽ ሆኖ ሲሳል ያመኛል። ያቺ ተማሪ ሒሳብ ትወዳለች። ስትስቅ ክፍሉን ታስቃለች። አምስት ገጽ ታሪክ ውስጥ ግን እንባ ብቻ ሆነች።

ጸሐፊዋ፦ እዚህ ላይ እውነትዎን ነው፤ የኔም ጽሑፎች ይህ ጉድለት አለባቸው። ችግሩ የቆየ ነው። በ1900 ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ አንድ የጦር አለቃ ተማርኮ ይሸጣል። የምናዝንለት ከማዕረጉ ስለወደቀ ነው። ባሪያ ሆኖ የተወለደው ሰው ግን ስንት ቦታ ዋና ባለታሪክ ሆነ?

አሁን የምጽፈው ስለ አያቴ ነው። ደግ ሴት ነበረች። ከበር ጀርባ ግን ጆሮዋ የተጣመመ ጣሳ ነበረቻት። ሸክላ ሻጯ ውኃ ስትለምን የሚሰጣት በዚያች ጣሳ ብቻ ነው። ስድስት ዓመቴ ሳለ በጣሳዋ ጠጣሁ። አያቴ አፌን በአመድ አሸችኝ። ሸክላ ሻጯ ደጃፉ ላይ ቆማ ታያለች። ይህ ቢነበብ ተማሪዎችዎ ወደ ማን ይዞራሉ?

መምህሩ፦ ወደየቤታቸው ይመስለኛል። ስትጨርሺ ላኪልኝ። ስድቡን ባታትሚው አሁንም እመርጣለሁ። አመዱን ግን እንዳትሰርዢው።