ዓሣው በሦስተኛው ቀን ሲሞት ማን አየው?

ዳላስ አካባቢ ያለነው የሐበሻ ዓሣ አጥማጆች የኦገስቱን ውድድር ደንብ ስንጠብቅ ከረምን። ኮሚቴው ባለፈው ሳምንት ወሰነ። ባስ የሚባሉት ትልልቆቹ ዓሣዎች እንደ አምናው በላይቭዌል፣ ማለትም ጀልባው ላይ ባለው የውኃ ሳጥን ውስጥ ሆነው ሐይቁን ሲዞሩ ይውላሉ። ከሰዓት በኋላ ዶኩ፣ ማለትም የጀልባ ማቆሚያው ላይ ይመዘናሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ከዚያ ይለቀቃሉ። እዚያው በተያዙበት ይመዘኑና ይለቀቁ ያልነው ተሸነፍን። መሸነፉስ ይሁን። ያናደደኝ የተሰጠን መልስ ነው፦ «አምና የለቀቅናቸው ሁሉ ዋኝተው ሄደዋል፤ አንድም የሞተ አላየንም።»

እንዴት ታዩታላችሁ? ለቃችሁት መኪና ውስጥ ገብታችሁ ሄዳችኋል እኮ! ዋኝቶ የሄደ ዓሣ ከቀናት በኋላ ሊሞት እንደሚችል የዘርፉ ተመራማሪዎች ሲጽፉ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። እጅና መረብ ልጋጉን የላጠው ቆዳ በፈንገስ ይያዛል። ትግሉ ያደከመው ሰውነት ማገገሚያ አየር ሲፈልግ ሳጥን ውስጥ ታፍኖ ይውላል። ሲሞትም ብዙ ጊዜ ሐይቁ ሥር ነው፣ ዶኩ ላይ መጥቶ አይሰናበታችሁም። በእግሩ ከድንገተኛ ክፍል የወጣ ሁሉ ድኗል የሚል ሐኪም ብታገኙ ፈቃዱ ይነጠቅ ትሉ ነበር።

አሁን ስለ ሙቀቱ እናውራ፤ ኮሚቴው አንድም ቃል ያልተናገረው ስለሱ ነውና። በኦገስት የሰሜን ቴክሳስ ሐይቆች የላይኛው ውኃ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። 10 ዲግሪ ላይ ያለ ውኃ በሊትር 11 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ 30 ዲግሪ ሲደርስ ቢበዛ 7.5 አካባቢ ነው። ችግሩ ደግሞ ውኃው ሲሞቅ የዓሣው ሰውነት የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። አቅርቦቱ ሲቀንስ ፍላጎቱ ይጨምራል ማለት ነው፣ ያውም ለሕይወቱ ሲታገል ቆይቶ ስንጥቡ እየተርገበገበ ለገባ ዓሣ። እዚያች ሳጥን ውስጥ አንድ አሥር ፓውንድ ባስ ከአራት ትናንሾች ጋር አስገቡና ውኃውን የሚያድሰውን ፓምፕ ታይመር ላይ አድርጉት፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ ባትሪ እንዳያልቅ ብሎ። ፓምፑ ባረፈ ቁጥር ኦክስጅኑ ይወርዳል፣ የዓሣዎቹ አሞኒያ ይጠራቀማል። ጀልባው ሲፈጥን ደግሞ ከኋላ ያለው የፓምፑ ውኃ መሳቢያ ቱቦ ከሐይቁ ወጥቶ አየር ሊስብ ይችላል፤ ያኔ አዲስ ውኃ የለም። በረዶ እንጨምራለን ትላላችሁ። ስንት ዲግሪ እንደወረደ የሚለካ ቴርሞሜትር ያለው ሰው ከመሃላችን አለ? ከሐይቁ ውኃ በ5 ዲግሪ ገደማ ማቀዝቀዝ ይጠቅማል፤ ከዚያ ካለፈ ዓሣው ሲለቀቅ ሌላ ድንጋጤ ይጠብቀዋል። ከነዳጅ ማደያ የተገዛው በረዶ ክሎሪን ካለበት ደግሞ መርዙን አብራችሁ ጨመራችሁ። ይኼ ሁሉ እንግዲህ ለፎቶ ነው።

«ቴክሳስ ራሷ ትልልቅ ባስ ይዛ ታቆይ የለም ወይ?» የሚል ክርክርም ሰማሁ። ታቆያለች። ትልልቅ ባሶችን ተቀብሎ የሚያራባው የግዛቷ የሼርለንከር ፕሮግራም በ1986 ሌክ ፎርክ ላይ በተያዘችው 17.67 ፓውንድ ባስ ተጀመረ፤ ኤተል ተባለች፣ ከዚያም ሚዙሪ ውስጥ በትልቅ አኳሪየም እስከ 1994 ኖራለች። በደንብ የተያዘ ዓሣ እንደሚተርፍ አልክድም። ግን ማን ተንከባከባት? ሙያተኞች። ዛሬም ፕሮግራሙ 13 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆኑትን ለማራባት የሚቀበለው ከጃንዋሪ እስከ ማርች ነው። አዎ፣ ዋናው ምክንያት የመራቢያ ወቅት መሆኑ ነው፤ ግን ውኃውም ያኔ ቀዝቃዛ ነው። የመንግሥት ባለሙያ በቀዝቃዛዎቹ ወራት፣ በመኪና ታንከር፣ በተቆጣጠረው ኦክስጅን የሚሠራውን በኦገስት ፀሐይ ታይመር ላይ በተደረገ ፓምፕ እሠራለሁ የሚል ሰው ድፍረቱ ይገርመኛል።

የአሜሪካ የባስ ውድድሮችን ያደራጀው ሬይ ስኮት በ1972 ባስ ተይዞ ይለቀቅ ብሎ በውድድሮቹ ላይ ሲጀምር ትልቅ እርምጃ ነበር። ግን ሃምሳ ዓመት አልፎታል! የባለሙያ አጥማጆች ውድድር የሚያዘጋጀው ሜጀር ሊግ ፊሺንግ ብዙ ገንዘብ በሚወዳደሩበት መድረክ ዓሣውን ጀልባው ላይ በዳኛ ፊት መዝኖ ወዲያው እየለቀቀ ነው። እነሱ ዳኛ አምነው ሲሠሩ እኛ፣ ሽልማታችን አንድ ዋንጫና የምግብ ቤት እራት የሆነው፣ «ሰው ያጭበረብራል» ብለን እንሟገታለን። የሚያጭበረብር ካለ ችግሩ የሰውዬው ነው፤ ባሱ ምን አደረገ?

በነገራችን ላይ መብላትን አልቃወምም። ሐዋሳ አሞራ ገደል ቆሮሶና አምባዛ የሚያወጣው አጥማጅ ለምን እንደሚያጠምድ ያውቃል፣ ማንንም አይዋሽም። ሕጉ የሚፈቅደውን ያህል ያዙ፣ ዓሣ ጉላሽ ሥሩ፣ ጥሩኝ፣ እመጣለሁ። የማይመቸኝ ገድሎ «ለቀቅኩት» ማለቱ ነው።

ኮሚቴው አሁንም አንድም አልሞተም ካለ መንገዱ ቀላል ነው፣ ተመራማሪዎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አስፈላጊው ፈቃድ ይጠየቅ፣ ከሚዛን የወጡትን ዓሣዎች ሐይቁ ውስጥ በተዘጋ መረብ አምስት ቀን አቆዩአቸው፣ ከዚያ ሁላችንም ባለንበት ይቆጠሩ። የመረቡን ዋጋ እኔ እከፍላለሁ።